የፈረንጁ ሙቅ ውሃ

በየቤታችን አንድ የማይነካ ነገር አለ። ታውቁታላችሁ፤ ከእንግዳ በቀር ማንም ያልጠጣበት ብርጭቆ፣ ከነላስቲኩ ያረጀ ብርድ ልብስ። እኛ እየበረደን ለማይመጣ እንግዳ እንቆጥባለን። እኛ ቤት ያልተነካው ሙቅ ውሃ ነበር።

ላሊበላ ውስጥ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ሰላም በነበረ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አልጋም ማድቤትም ያላት መኪናውን ግቢዬ አቁሞ ከረመ። መኪናዋ የማንንም ደጅ አትጠናም፤ መብራቷ ከጣሪያዋ ፀሐይ፣ ውሃዋ ከራሷ በርሜል ነው። ግድግዳዋ ላይ ያለችው ትንሽ ሳጥን ግን ለብቻዋ ጉድ ናት። ቧንቧውን ስትከፍቱ ጋዙ ራሱ ቦግ ብሎ ይለኮስና ውሃው እያለፈ ይሞቃል። ድስት የለ፣ ጭስ የለ፣ መጠበቅ የለ።

ጸጥታው ሲደፈርስ ሰውየው ቁልፉን ሰጥቶኝ ወደ አገሩ ሄደ። «ተጠቀሙበት» አለኝ። እኔም እንደ ወጉ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ቁልፉን የልብስ ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት። «ብሉ» ስለተባለ ወዲያው እጁን የሚሰድ ባለጌ ካልሆነ ማነው?

አባቴ ቁርጥማት ነበረባቸው። ክረምት ሲገባ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወርደው ብርድ ከመደብ አያነሳቸውም። ማገዶ በጠፋበት በዚያ ክረምት፣ አንድ ቀን መኪናዋን በመስኮት እያዩ «ሙቅ ውሃ ለጉልበት ደግ ነው ይላሉ» አሉ።

«ልክፈትልዎ፣ አባባ?»

«ተይ ልጄዋ! ሰውየው ተመልሶ በቀዝቃዛ ሊታጠብ ነው? በስተርጅና አደራ በላ ልታሰኝኝ?»

ደግሜ እንድለምናቸው ፈልገው ነበር። አባቴን አውቃቸዋለሁ፤ ሦስቴ ሳይለመኑ ማዕድ እንኳ አይቀርቡም። እኔ ግን ጋዙ አሳሳኝና አንዴ ጠይቄ ተውኩ።

መስከረም ሳይጠባ ዐረፉ። ሊገንዟቸው የመጡት ቄስ «ለብ ያለ ውሃ አምጭ» ሲሉኝ ቤት ውስጥ አንድ እንጨት አልነበረም። ቁልፉን አወጣሁ፣ በርሜሉን ሞላሁ። ቧንቧውን ስከፍተው እሳቱ ቦግ አለ፤ ውሃውም ወዲያው እጄ ላይ ሞቀ። እንስራው እስኪሞላ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ከአርባቸው በኋላ ፈረንጁ ጋ ደውዬ፣ ጋዙን ስለነካሁበት ይቅርታ ጠየቅሁት። ግራ ገባው።

«ለአባትሽ ጉልበት ይሆናል ብዬ አይደል የተውኩልሽ?» አለኝ።

ለካ የምሩን ኖሯል።