በይሉኝታ የቀረች ቡልጋሪያ

የሚመርጠው የበዛበት ሰው ሲያማርር ስሰማ ይደክመኛል። ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ንግድ ልማር ብላ ሕንድ ይሻላል ወይስ ቱርክ፣ ማሌዥያ ይሻላል ወይስ ቻይና እያለች ቤቱን ስታምሰው ከረመች። ምክር ፈልጋ ወደ እኔ ስትመጣ፣ "የቱንም ምረጪ፤ ብቻ ሲጠይቁሽ ቶሎ እሺ በይ" አልኳት። ይሄ ሽማግሌ ምን ነካው ብላችሁ ይሆናል። አልፈርድባችሁም፤ ነገሩን ከሥሩ ማንሳት ሊኖርብኝ ነው።

እኛ አገር፣ መካነ ሰላም፣ ሰው ቤት ሄዶ መብላት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። "ብላ" ሲሉት ወዲያው እጁን የሚሰድ ሰው አሳዳጊ የበደለው ይባላል። መጀመሪያ፣ አንጀት እየጮኸም ቢሆን፣ "ኧረ አሁን በልቼ መምጣቴ ነው" ማለት ያስፈልጋል። ባለቤት "በሞቴ!" ይላል። እንግዳ "ይቅርብኝ" ይላል። ባለቤት "አፈር ስሆን!" ብሎ ሲለምን ነው እንግዳው እንደ ተገደደ ሰው ጠጋ ብሎ ጥርግ አድርጎ የሚበላው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በዚህ አንድ ነው። እምቢታው ለክብር፣ ልመናው ለፍቅር ነው፤ ማንም ማንንም አያታልልም። የቤተ ክርስቲያን መሪጌታ የነበረው አባቴ በዚህ ትምህርት አቻ አልነበረውም።

ጊዜው የደርግ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት እንደ ጨረስኩ፣ መንግሥት ንግድና ፕላን የሚማሩ ልጆችን ወደ ወዳጅ አገሮች ሊልክ እንደ ሆነ ተሰማ። ለአውራጃችን አንድ ቦታ ደርሶታል፤ ስሜም ከፊት ነው። ቡልጋሪያ ወይም ምሥራቅ ጀርመን፣ ምርጫው የቤተሰብ ነው ተባለ። ነጋዴ በየስብሰባው በሚወገዝበት ዘመን መንግሥት ራሱ ንግድ ተማር ሲለኝ ለምን እንዳልገረመኝ እንጃ። እናቴን ያስጨነቃት ግን ሌላ ነበር። በዚያ ዓመት ትምህርቱን የጨረሰና መሄጃ ያጣ ወጣት የሚጠብቀው ብሔራዊ ውትድርና ነው። ንግድ ልማር ሽመና እሷ ግድ አልነበራትም፤ ልጇ ከጦር ሜዳ ይቅርላት እንጂ።

ምክሩ ግቢያችን ውስጥ ከወይራው ሥር ተያዘ። ቁርአን የሚያስቀሩት ጎረቤታችን ሼህ ሰይድም ተጠሩ፤ ያለ እሳቸው ቤታችን የቆረጠው ነገር የለም።

"እዚያ ይጾማሉ?" ብሎ ጠየቀኝ አባቴ።

"ፓርቲያቸው ሃይማኖት አይወድም" አልኩት።

"እሱማ የኛስ መቼ ይወዳል? ይኸው እንጾም የለ!"

ሼህ ሰይድ ደግሞ "እንግዳ ያከብራሉ ወይ?" አሉ። ማን ያውቃል! የመጨረሻውን ቃል የተናገረችው እናቴ ናት። ልጆቹን ጭኖ ወደ ጦር ሜዳ የሚሄደው ትልቅ መኪና የምሥራቅ ጀርመን ሥሪት መሆኑን ከአንድ ሹፌር ሰምታ ኖሯል። "የዚያ መኪና አገርማ ልጄን አይወስድም" አለች። ቡልጋሪያ እንዲህ ተመረጠች። አባቴ አቡነ ዘበሰማያት ደገመ፣ ሼህ ሰይድ ዱዓ አደረጉ፣ ሁላችንም አሜን ብለን ተነሣን።

ሹሙ ከደሴ መጣ። መንገድ ላይ በአቀስታ ብርድና ጭቃ ሲንገላታ ውሎ አድሮ የደረሰ፣ ካኪ የለበሰ፣ የቸኮለ ሰው ነበር። አባቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ሼህ ሰይድን አስከትሎ፣ በአውራጃው አዳራሽ ከሹሙ ጠረጴዛ ፊት ቀረበ። እኔ ከኋላቸው ቆምኩ።

"ጓድ አባት፣ አብዮታዊ መንግሥታችን ልጅዎን ውጭ አገር ልኮ ሊያስተምር ወስኗል። ይስማማሉ?"

አባቴ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። "ኧረ ጓድ፣ እኛ ምን ስላደረግን! ይቅርብን፤ ከእኛ ለሚሻለው ይሁን" አለና "በሞቴ" እስኪባል ጠበቀ።

"መልካም" አለ ሹሙ። "ቀጣይ!"

ቀጣዩ አበጋዝ የሚባል የክፍሌ ልጅ ነበር። አባቱ እስከ ወረኢሉ ከብት እየነዱ የነገዱ፣ ገበያ ያነቃቸው ሰው ናቸው። ጥያቄው ሳያልቅ "እሺ! ቡልጋሪያ!" አሉ። አባቴ ገና እንደ ቆመ ነው፤ ሁለተኛውን ጥያቄ ይጠብቃል። ሼህ ሰይድ ግን ነገሩ ገባቸውና ወደ ጠረጴዛው ሮጡ።

"ጓድ፣ አፈር ስሆን፣ መሪጌታን አንዴ ደግመው ይጠይቋቸው እንጂ! እሺ ሊሉ ነው እኮ የመጡት!"

"አብዮታዊ መንግሥት አንድ ነገር ሁለቴ አይጠይቅም" አለ ሹሙ፣ ቦርሳውን እየዘጋ።

እናቴ ስትሰማ አልጮኸችም፤ አልተሳደበችም። ራት አቀረበችና አባቴን "ብላ" አለችው፤ አንዴ ብቻ። እሱም በልማዱ "ይቅርብኝ" አለ። ራቱን አነሣችው።

ውትድርናው ደግሞ አንዴም ሳይጠይቀኝ ወሰደኝ። ያየሁትን አልተርክላችሁም፤ ደክሞኛል። ብርድ ሲሆን ግራ እግሬ ይተርካል። አበጋዝ ቡልጋሪያ ከርሞ፣ በቂ ዕቃ በሌለበት ሱቅ ዕቃ እንዴት እንደሚከፋፈል ተምሮ ሲመለስ፣ እዚያም እዚህም መንግሥቱ ተለውጦ ጠበቀው። ዛሬ ገበያው ዳር ሱቅ አለው። ስኳር ከሱ ነው የምገዛው፤ "ንግዱን ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው" ይላል።

አባቴ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ "ይቅርብኝ" ማለትን እርግፍ አድርጎ ተወ። ሠርግ ላይ፣ ተዝካር ላይ፣ "ይብሉ" ከማለታቸው "እሺ" ይላል። መሪጌታ በስተርጅና ሆዳም ሆኑ ተባለ።

የሼህ ሰይድ ልጅ ስታገባ ለክርስቲያኖች የተለየ ዳስ ተጥሎ፣ በእኛው ሰው ታርዶ፣ አባቴ እስኪበቃው በላ። አሳላፊው "ይጨመር..." ሲል "እሺ" አለ። የተቀመጠው ሰው ተያይቶ ሣቀ። ይህን ጊዜ ሼህ ሰይድ ከወዲያኛው ዳስ መጥተው ከፊቱ ቆሙ።

"መሪጌታ፣ ይጨመርልዎ እንጂ፣ አፈር ስሆን!"

"እሺ ብያለሁ እኮ፣ ሼህ።"

"ሰምቻለሁ" አሉ ሼህ ሰይድ፣ ከጎኑ ቁጭ እያሉ። "ደግሜ ልጠይቅዎ ብዬ ነው።"

አባቴ ሳህኑን በቀስታ ገፋ አደረገና፣ "ኧረ ይቅርብኝ" አለ።

"በሞቴ!" አሉ ሼህ ሰይድ።