ተራራ የሚያሳዩ አግዳሚዎች

ቦታውን በኮምፒውተሩ አይቶ እንጂ በእግሩ ረግጦ የማያውቅ የመናፈሻ ነዳፊ አጋጥሞዎት ያውቃል? እኔ ጠዋት ጠዋት ስላጭ መስታወት ውስጥ አየዋለሁ።

ደባርቅ ላይ ለሕዝብ መናፈሻ ነደፍኩ። ቦታው ላይ ካለ አንድ ጥድ ሥር ክብ ሠርተው የተቀመጡ ድንጋዮች ነበሩ፤ ፕላኑ ላይ «ፍርስራሽ፣ ይነሳ» ብዬ ጻፍኩባቸው። በምትካቸው አግዳሚ ወንበሮች አሰልፌ፣ ሁሉንም ወደ ስሜን ተራሮች አዙሬ በሲሚንቶ አስተከልኩ። እይታ ነዋ! መናፈሻ ያለ እይታ ምን ዋጋ አለው?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልመሰገን ወደ መናፈሻው ሄድኩ። ሽማግሌዎች የተጣሉ ባልና ሚስት ሊያስታርቁ ተሰብስበዋል። ታዲያ ምን ያድርጉ፤ አውቶቡስ እንደተሳፈረ ሰው ተደርድረው፣ ሁሉም ተራራውን እያዩ ይሸመግላሉ። ሚስትየው ከጫፍ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ባልየው ከወዲያኛው ጫፍ ነው፤ እንባዋን አላየም።

መሃል የተቀመጡት ቄስ ዞር ብለው አዩኝ።

«የሠራኸው አንተ ነህ ልጄ?»

«አዎ አባ። እይታው እንዴት ነው?»

«ተራራውንማ ዕድሜ ልካችንን አየነው» አሉ፣ እንዳይከፋኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለድካምህ እግዜር ይስጥህ። ድንጋዮቻችንን የት እንደጣልካቸው ብቻ አሳየን።»