ሳይደርስ «ደርሷል» ያልኩት ዕቃ

«እንደውላለን» የምትባል ቃል አለች። ሰው አታስቀይምም፣ በር አትዘጋም፣ ብቻ ከወንበር ታስነሳለች። እርስዎም ልጅ አስመርቀው ከሆነ ያውቋታል። የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ተምሬ ስጨርስ፣ ሥራ የጠየቅኳቸው ቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ ያሉ ቢሮዎች በሙሉ በዚህች ቃል ሸኝተውኛል። የደወለ የለም።

አንድ ጠዋት ለአክስቴ ጫማ ልልክ ላምበረት መናኸሪያ ሄድኩ። ዕቃ ተቀብለው በአውቶቡስ ወደ ወሎ የሚልኩት ጋሽ ሰይድ በሁለት ስልክ ባንዴ ያወራሉ፤ ባንዱ «ተጭኗል»፣ በሌላው «ገና ነው»። አሳዘኑኝ። ቤቴ ገባሁና ለማንም ሳላመለክት፣ ዕቃ ሲጫንና ሲደርስ ለተቀባዩ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ሠራሁ። ጋሽ ሰይድም «አብሽር፣ እንሞክረዋ!» አሉ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በሳምንቱ አንዲት ሴት ከኮምቦልቻ ደወለች። የአባቷ መድኃኒት «ደርሷል» ተብላ መናኸሪያ ፀሐይ ላይ ቆማ ውላለች። አውቶቡሱ ለካ ጎማው ፈንድቶ ደብረ ሲና ቆሟል! እኔ ብልሁ የሚደርስበትን ሰዓት በግምት ነበር የሞላሁት።

«አባቴ መድኃኒቱን ሳይወስድ ዋለ፤ ከእንግዲህ ማንን ልመን?» አለችኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይቅርብን። እኔም ቅጥር ልፈልግ» አልኳቸው።

«አውቶቡስ የሚሄደው በመንገድ ነው እንጂ በኮምፒውተርህ አይደለም» አሉኝ ሳይቆጡ። «ነገ ተሳፈርና ሄደህ እየው።»

ሄድኩ። ኮምቦልቻ ስንደርስ ረዳቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዕቃ ሲያወርድ ቆሜ አየሁ። «ደርሷል» ማለት ያለበት እሱ ነው፤ እኔማ ምን አውቄ! ግምቱን ሰረዝኩና ረዳቱ ዕቃውን ሲያወርድ ስልኩ ላይ የሚነካት «ደርሷል» የምትል አንዲት ትልቅ ምልክት አበጀሁ። ሴትየዋንም እዚያው ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅኋት።

«አባቴ ደህና ነው» አለች። «ሁለተኛ ግን በዓይንህ ሳታይ እንዳታወራ።»

ከዚህ የተሻለ ትምህርት ዩኒቨርሲቲም አልሰጠኝም።

ዛሬ ከጋሽ ሰይድ ጎን ያሉት ዕቃ ላኪዎችም እየከፈሉ በፕሮግራሙ ይሠራሉ፤ እኔም የምተዳደረው በሱ ነው። እናቴ ግን ስለ እኔ ሲጠይቋት እስካሁን «ሥራ እየፈለገ ነው» ትላለች። ውሸቷን አይደለም። ትናንት ገርጂ ያሉትን ዶሮ ነጋዴዎች «ምን አስቸገራችሁ?» እያልኩ ስዞር ነው የዋልኩት።