ሐኪሙ ነካህ?

የኛ ሰው በተሰበሰበበት አገር ሁሉ፣ ሳይጠሯት የምትደርስ አንዲት ወጌሻ አትጠፋም። ከጎንደር ገጠር ተነስተህ እስራኤል፣ አፉላ ከተማ ብትገባም ቀድማህ ገብታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ትጠብቅሃለች። የአፉላው ሰፈራችን የጊቫት ሃሞሬ ወጌሻ እትዬ አቻምየለሽ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባ ሁለት፣ ቁመታቸው ከበር እጀታ ትንሽ ከፍ ያለ፤ ጣታቸው ያረፈበት ሰውነት ግን ሳምንቱን ሙሉ አይረሳቸውም። ደንበኛቸው የሻው፣ እሳቸው በሌሉበት «ክብርት የወገብ ሚኒስትር» ይላቸዋል። እስቲ በፊታቸው ይበላት!

ክብርት ሚኒስትር ኩፓት ሆሊም፣ የሰፈሩ ክሊኒክ፣ የሚሄዱት አሟቸው አይደለም፤ ሐኪም ሊሰልሉ ነው። ኮሪደሩ ላይ፣ የዘይት ጠርሙሳቸውን በቦርሳ ይዘው ይቀመጡና ከሐኪሙ ክፍል የወጣውን ሁሉ «ሐኪሙ ነካህ?» ይላሉ። ሰውየው «ኧረ አልነካኝም፣ ኪኒን ነው ያዘዘልኝ» ካለ አለቀለት።

«አየህ? ኮምፒውተሩን ሲቀጠቅጥ ቆይቶ ሰደደህ። ኮምፒውተር ወገብ አለው?»

አውቶቡስ ጣቢያ ላይማ አያድርስ ነው። አንድ ቀን ፀጉረ ብጫ ወታደር ያን የሚያህል ሻንጣ በአንድ ትከሻው አንጠልጥሎ ሲያልፍ «አንተ ልጅ! ሸክሙን አስተካክል፣ ጅማትህ ሊዞር ነው!» ብለው ጮኹበት፣ በአማርኛ። ልጁ አማርኛ ከየት ያምጣ? ግን ቆመ። ሻንጣውን በሁለት ትከሻው አነገተና «ቶዳ፣ ሳቭታ»፣ አመሰግናለሁ አያቴ፣ ብሏቸው ሄደ። እሳቸውም ወደ የሻው ዞር ብለው «ካንተ ይሻላል፤ ሲነግሩት ይሰማል» አሉ።

የሻው ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ፣ መጋዘን ካርቶን ሲያነሳና ሲጥል አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ሚስቱ ታንጉ የኪኒን ወገን ናት፤ አዛውንቶች ስትረዳ ስለምትውል መድኃኒቱን ሁሉ በስሙ ታውቀዋለች። እሱ ደግሞ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ስንቴ ተጎትቶ ገብቶ ከእትዬ አቻምየለሽ ፍራሽ ላይ በእግሩ ተራምዶ ወጥቷል። ስለዚህ ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ ይኖር ነበር።

ባለፈው ብርድ ወራት አንድ ካርቶን ሲያነሳ ወገቡ ቀጭ አለ። እንደ ወትሮው አልነበረም። ሕመሙ በሁለቱም እግሩ ወረደ፤ በማግስቱ ጠዋት ጭኑ ደነዘዘ፤ ሽንት ቤት ገብቶ ቢቆም ቢቆም ጠብ የሚል ጠፋ። ይህችን የመጨረሻዋን ለታንጉ እንኳ አልነገራትም። ወንድ ልጅ ይህን ይናገራል እንዴ?

ኩፓት ሆሊም ሄደ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ አስተርጓሚ በስልክ አስጠራለት። «ጤና ይስጥልኝ፣ ናዖሚ እባላለሁ» አለች ከስልኩ ውስጥ። የሻው ድምፅዋን ሲሰማ ክው አለ፤ የጎረቤቱ የሰንበቱ ልጅ ናት፣ እሽኮኮ አድርጎ ያሳደጋት! ሐኪሙ የሚጠየቀውን ሁሉ ጠየቀ። ናዖሚም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ የሻው፣ ሽንት እንደልብ ይመጣል ወይ ነው የሚለው» አለች።

«ደህና ነው፣ ደህና! ወገቤን ብቻ ነው።»

ሐኪሙ ልመርምርህ ሲለው ሱሪውን ጭምድድ አድርጎ ይዞ «ሥራ ረፍዶብኛል» አለ። ኪኒን ተጻፈለት፤ እግርህ ከደነዘዘ ወይ ሽንትህ ከተከለከለ ሳትውል ሳታድር ሆስፒታል ግባ ተብሎም ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው?

«ሐኪሙ ነካህ?»

«አላስነካሁትም» አለ የሻው።

ክንዱን ይዘው መንገዱን አሻገሩትና ቤታቸው ፍራሹ ላይ በሆዱ አስተኙት። የሻው ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። እትዬ አቻምየለሽ ወትሮም የሚጀምሩት ከእግር ነው።

«የትኛውን ጣትህን ነው የያዝኩት?»

«መቼ ያዙና!» አለ የሻው እየሳቀ።

የሻው ዞር ብሎ ሲያይ፣ የእግሩን አውራ ጣት በሁለት እጃቸው ጨምቀው ይዘውታል። ሳቁ ጠፋ።

«ሽንትህስ?»

የሻው ፊቱን ትራሱ ውስጥ ቀበረ።

«የሻው! ሽንትህ መጣ ወይ?»

«ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ብሎኛል» አለ ከትራሱ ውስጥ።

እትዬ አቻምየለሽ ዘይቱን ከእጃቸው በነጠላቸው ጠረጉ። «ተነስ። ይሄ የኔ እጅ ሥራ አይደለም።»

«ትንሽ ብቻ ቢያሹኝ…»

«አልነካህም አልኩ! አባቴ እንዳንተ ያለውን ሰው አንድ ጊዜ አሸው። ሰውየው ዳግመኛ አልተራመደም፤ አባቴም እስኪሞት ድረስ እጁን እያየ ኖረ። ደዌውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ተነስ!»

ታክሲ ጠሩ፤ ደግፈው ሆስፒታል አስገቡት። ድንገተኛ ክፍሉ ጢም ብሏል፣ የአፉላ ሰው ግማሹ እዚያ ነው። መዝጋቢዋ ተቀመጡና ተራ ጠብቁ ስትል እትዬ አቻምየለሽ መስኮቷን በመዳፋቸው መቱና ያላቸውን ዕብራይስጥ ሁሉ አወጡት፦

«ፒፒ ኤን! ሬጌል ኤን!»

ሽንት የለም፣ እግር የለም። ከሚስቱ የደበቀውን፣ ለናዖሚ የካደውን፣ አሁን አገር ሰማው። የሻው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አለ። አንዲት ነርስ ግን ገና ሁለተኛው ቃል ሳያልቅ ባለጎማ ወንበር እየገፋች መጣች።

ወገቡን በኤም አር አይ አነሱት፣ የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ቀዶ ሕክምና ገባ። ከመግባቱ በፊት የሆስፒታሉ ሐኪም የአከርካሪህ ዲስክ ነርቩን ተጭኖታል፣ ብትዘገይ እግርህን ታጣው ነበር አለው፤ በስልክ ያስተረጎመችውም ያቺው ናዖሚ ናት።

«ጋሼ የሻው፣ ዛሬ ወገብዎን ያሸዎት ወይ ያጣመመዎት ሰው አለ ወይ ይላል።»

«የለም፣ ልጄ። እትዬ አቻምየለሽ አልነኩኝም» አለና አለቀሰ። ከዚያ የቀረውን ሁሉ፣ የሽንቱንም ጭምር፣ አንድ ሳያስቀር ነገራት።

በሦስተኛው ቀን እትዬ አቻምየለሽ መጡ። ሰላምታ የለ ምን የለ፣ አንሶላውን ገልጠው አውራ ጣቱን ቆነጠጡት።

«ወይኔ እናቴ!» ብሎ ጮኸ የሻው።

«እሰይ» አሉና ወንበሩ ላይ ዘፍ ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ትንሽ ቆይተው ሐኪሙ ሲገባ ገለጥ አድርገው በአማርኛ ጠየቁት፦ «ነካኸው?» ሐኪሙ አልጋው አጠገብ የተቀመጠችውን ታንጉን አየ፤ ታንጉ እየሳቀች አስተረጎመችለት፤ እሱም ሁለት እጁን አንስቶ አሳያቸው። እያገላበጡ መረመሩት። «ደህና እጅ ነው» አሉ።

የሻው አሁን ይራመዳል። ፊዚዮቴራፒውን አያስታጉልም፣ ካርቶን ማንሳቱ ቀርቶ ቆጠራ ላይ መድበውታል፣ ወገቡም ቀጥ ብሏል። ብቻ ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ጣቢያ ሲደርስ እትዬ አቻምየለሽን ከሩቅ ያይና ሆን ብሎ ጉብጥ ይላል።

«የሻው! ቀና በል!»

ጣቢያው ሁሉ ዞሮ ያየዋል። ቀና ይላል። ያቺን ጩኸት ሳይሰማ የተሳፈረ ቀን ሲከፋው ይውላል።