መኪና ውስጥ አይሟረትም

ሰው ከሞት አብልጦ የሚፈራው ነገር እንዳለ ታውቃላችሁ? ሟርተኛ መባልን ነው። አትሳቁ። እስቲ ቁልቁለት ላይ በሚበር ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣችሁ «ይሄ መኪና ይገለበጥ ይሆን?» በሉ። መኪናው ባይገለበጥ እንኳ እናንተን በዓይኑ የማይገላምጣችሁ ተሳፋሪ አይኖርም።

እኔ ሸዋ ሮቢት ውስጥ የግብረገብ መምህር ነኝ። ሥራዬ ሰዎች የሚያደርጉትን ሊያደርጉት ከሚገባው መለየት ነው። የመጀመሪያው ወሬ ነው፤ «የሰፈሩ ሰው ቆሻሻውን ወንዝ ውስጥ ይጥላል» ብሎ ያየውን መናገር። ሁለተኛው ፍርድ ነው፤ «መጣል የለበትም» ማለት። ሁሉም ስላደረገው ብቻ ትክክል አይሆንም እያልኩ ስንት ጠመኔ ጨርሻለሁ። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ከቆምኩ የሚያህለኝ ጀግና የለም።

በቀደም ደብረ ሲና ለቅሶ ደርሼ በሚኒባስ ስመለስ ከጎኔ የገበያችን በርበሬ ነጋዴ እትዬ ዘሃራ ተቀምጠው ነበር። ብርዱን ትተን ወደ ቆላው መውረድ እንደጀመርን አንድ ሽታ መጣ። ጎማ ሲቃጠል የሚመስል፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ። ፍሬን ነው።

ዙሪያዬን አየሁ፤ ሁሉም ሸትቶታል። ከፊት የተቀመጠው ሰውዬ ማንም ሳይጠይቀው፣ ገበሬ ማሳ እያቃጠለ ሳይሆን አይቀርም አለ። ከኋላ ያለችው ሴት መስኮቷን ዘጋች፤ መስኮት ሲዘጋ ፍሬኑ የሚሻለው ይመስል። ሹፌሩ የሙዚቃውን ድምፅ ጨመረ። መኪናው ደግሞ ፍጥነቱን። በእኔ በኩል መንገዱ አልቆ ገደሉ ይታያል፤ ከገደሉ ሥር የቀወት ወረዳ ማሽላ አረንጓዴ ሆኖ ተኝቷል። ሌላ ቀን ቢሆን ያምራል እል ነበር።

እንግዲህ መደረግ ያለበት ምን ነበር? «ልጄ፣ ፍሬንህ እየተቃጠለ ነውና አቁም» ማለት። የሚደረገውስ? ዝም ማለት። ቀስ ብዬ ወደ እትዬ ዘሃራ ጆሮ ተጠጋሁና የሚሸተው ፍሬኑ ነው አልኳቸው። ሙስበሃቸውን መቁጠር ሳያቆሙ፣ «አውቄያለሁ ልጄ። መኪና ውስጥ ግን አይሟረትም። አንተም በሃይማኖትህ ዱዓህን አድርግ» አሉኝ።

አውቀዋል! ሁላችንም አውቀን፣ ሁላችንም ተከባብረን ልንሞት ነው። የለቅሶው ድንኳን ከደብረ ሲና ተነቅሎ እኔ ደጃፍ ሲተከል ታየኝ፤ ልጆቼ ታዩኝ። አፌን ልከፍት እሞክራለሁ፣ ምላሴ እምቢ ይላል።

በአገራችን ሚኒባስ ውስጥ ተሳፋሪ ማንንም ሳያስቀይም ጮክ ብሎ ሊናገር የሚችለው አንድ ነገር አለ። እሱን አልኩ።

«ወራጅ አለ።»

ድምፄ የራሴ አልመስልህ አለኝ። ሹፌሩ ወዲያው ፍሬን ረገጠ፤ መኪናው ግን ወዲያው አልቆመም። ማርሹ እያጓራ፣ ሰው ሁሉ የፊቱን ወንበር አንቆ ይዞ፣ ብዙ ርቀን ሄደን መንገድ ዳር ያለ የአፈር ክምር ላይ ተደገፍን። ረዳቱ ዘሎ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀ። ከጎማው ጭስ ይወጣል።

ሁሉም ወረደ። ፈርቶ እንዳይመስላችሁ። አንዱ እግሩን ሊያፍታታ ነው፣ ሌላው ኔትወርክ ፍለጋ ነው። ሹፌሩ ብቻ ወደ እኔ መጥቶ በሹክሹክታ፣ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ወራጅ የሚል ሰው እንዲገኝ ስለት ስሳል ነበር» አለኝ። ለምን ራስህ አላቆምክም ስለው፣ ተሳፋሪው እንዳይደነግጥ ብሎ ኖሯል።

ፍሬኑ እስኪበርድ ጠበቅን። ችግሩ፣ እኔ ወራጅ ነኝ። እትዬ ዘሃራ ቤትህ እዚህ ነው እንዴ ሲሉኝ ታች የሚታይ የማላውቀውን ቆርቆሮ ጣራ ጠቆምኩ። አለመዋሸትን የማስተምር ሰው! ግን ውሸቴን ልመልስ ብል ሟርተኛነቴ ሊወጣ ነው። ደግሞ ምን ልደብቃችሁ፣ ተመልሼ ለመግባት ፈርቻለሁ። ስለዚህ የቀበሌው ተወላጅ ሆኜ እንግዶቼን ለመሸኘት መንገድ ዳር ቆምኩ።

ረዳቱ በእኔ ቦታ መኪና ሲጠብቅ የነበረ አንድ ገበሬ አስገባ። ሰውዬው ቦታ በማግኘቱ ፊቱ በራ። ለዚህ ሰው መንገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ መኪና ሙሉ ዓይን አፈጠጠብኝ።

«በሰላም ግቡ» አልኩ። (ገብተዋል። በማግስቱ እትዬ ዘሃራን በርበሬያቸው አጠገብ እስካያቸው ድረስ ግን እህል በአፌ አልዞረም።)

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሌላ ሚኒባስ አግኝቼ ተሳፈርኩ። ጥቂት እንደወረድን ከፊቴ የተቀመጠው ጎልማሳ አየሩን አሸተተ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ «ጋሼ፣ የሆነ ነገር አይሸትዎትም?» አለኝ።

ሸትቶኛል።

«መኪና ውስጥ አይሟረትም» አልኩት።