ዜና ፓንዴሊስ ዓቃቤ ድስት፣ የመጀመሪያ ጠመንጃውን እንደ መረጠ

በሊቀ አዳኞች በመሪጌታ ኮዝማስ ዘመነ አለቅነት በዘጠነኛው ዓመት፣ ይኸውም ፓንዴሊስ ወልደ ስፒሮስ የአዳኞችን ጭልፋ በጨበጠ በሃያኛው ዓመት፣ በወርኃ ነሐሴ፣ ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ጾሙ ጨጓራን ወሬውም ጆሮን በሚያደርቅበት ሰሞን፣ የላይኛው ካሪያ ፀጉር አስተካካይ፣ ፀረ ጢም፣ ዓቃቤ ድስት የተባለው ይህ ሰው የመጀመሪያውን የወፍ ጠመንጃ ሊመርጥ ከቤቱ ወጣ።

የአወጣጡም ምክንያት እንዲህ ነው። በካሪያ አዳኞች ሕግ ጠመንጃ የሌለው ሰው ድስት ይሸከማል፣ እሳት ያነዳል፣ ባቄላ ይቀቅላል፤ ወፉ ተጠብሶ ሲቀርብም ለባለ ጠመንጃው ደረቱ፣ ለባለ ድስቱ አንገቱ ይደርሰዋል። ፓንዴሊስም ሃያ ዓመት አንገት ሲግጥ ኖረ። ቅዳሜ ቅዳሜ የአዳኞቹን ጢም እየላጨ የእያንዳንዳቸው ቆቅ በየዓመቱ እንዴት እየወፈረች እንደምትሄድ ሰምቷል፤ እሱ ግን የሚያውቀው ጢም የሚላጭበትን ምላጭ ብቻ ነበር። በዚያ ዓመት አረጋዊው አዳኝ ቲሚዮስ ጉልበታቸው ከድቷቸው ቦታቸውን ሲለቁ፣ ፓንዴሊስ በድብቅ ተፈትኖ ያገኘውን የአደን ፈቃድ በአዳኞቹ ቡና ቤት ከነጭ ካፖርቱ ኪስ አውጥቶ አሳየ። ቡና ቤቱም በሳቅ ተናወጠ። በገዳሙ ማሕሌት የሚመሩት፣ በዱር አዳኞችን የሚመሩት መሪጌታ ኮዝማስ ግን እጃቸውን አንሥተው ሳቁን ጸጥ አሰኙና አዋጅ ነገሩ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ። የቲሚዮስ ቦታ ባዶ ነው። ከፍልሰታ በኋላ ባለው እሑድ ከአሥር የሸክላ ሳህን አምስቱን በአየር ላይ የሰበረ ይቀመጥበታል። ፓንዴሊስዬ፣ አንተም ሞክራት። ካልሆነልህም አይዞህ፣ ድስቱ የትም አይሄድብህም።»

ወደ ከተማም ሲወርድ የተከተሉት ሠራዊት እነዚህ ናቸው፦ ሁለቱ አፈሙዝ ጎን ለጎን ካልተጋደመ ጠመንጃ አይባልም የሚሉት መሪጌታ ኮዝማስ፤ አንዱ አፈሙዝ ባንዱ ላይ ካልተጫነ ክብደት የለውም የሚለው ሥጋ ሻጩ ስታቲስ፤ ጥይቱን ራሱ የሚያጎርስ ጠመንጃ እያለ ሌላው ሁሉ ከዘራ ነው የሚለው የአውቶቡስ ነጂው ሚናስ። ከኋላቸውም ጥላ ፍለጋ ሚናስ አውቶቡስ ውስጥ የገባ አንድ የሰፈር ውሻ ነበር። የፓንዴሊስ ሚስት፣ አፈ ርቱዕ አርጊሮ፣ አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ከሰገነቷ ላይ አወጀች፦ «እኔ የምለው፣ የምትተኩሰው አንተ፣ የሚመርጡልህ እነሱ። በል እንግዲህ ስትስትም አብረውህ ይሳቱ።»

የጠመንጃ ሱቁ ባለቤት ወይዘሮ ካሊዮፒ ጥቁር ለብሳ የምትኖር ባል የሞተባት ሴት ነበረች። ሠራዊቱን ሰላም አለችና አንድ ጌጥ የሌለው፣ ቀለል ያለ፣ ሰደፉም ወደ ግራም ወደ ቀኝም ያላዘነበለ ጠመንጃ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አኖረች። ከዚያም ለፓንዴሊስ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሁለት እጅህን ወደ ፊቴ ዘርጋ፤ መዳፍህ ወደ እኔ ይዙር። በመሃል ትንሽ ቀዳዳ ተውና ሁለቱንም ዓይንህን ከፍተህ አፍንጫዬን እየው። ስታልም የትኛው ዓይንህ እንደሚያዝህ ሳላውቅ ጠመንጃ አልሸጥልህም።»

ሠራዊቱ ሁሉ መሬት መሬት አየ። በዚያ አገር የተዘረጋ መዳፍ ወደ ሰው ፊት ማሳየት ከስድብ ሁሉ የከፋ ስድብ ነውና፤ አንዱ መዳፍ ወንድማማች ያጣላል፣ ሁለቱ መዳፍ ዘር ማንዘር ያነካካል። ይህንንም ለሴት፣ ያውም ሐዘን ለለበሰች። ፓንዴሊስም ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ እጆቹን ከኪሱ ከተተና አወጀ፦ «እመቤቴ፣ እኔን እናቴ በወግ ነው ያሳደገችኝ። ጥይት ስስት ልኑር እንጂ ላንቺ መዳፍ አልዘረጋም።» ሠራዊቱም ስለ ጨዋነቱ አመሰገነው፤ የሳተውም ያን ጊዜ ነው።

ዓይኑ ሳይጠየቅ ምርጫው በክርክር ሆነ። ረጅም ክርክር ከተደረገ በኋላ አፈሙዞቹ ለስታቲስ ደስታ የተደራረቡ፣ ርዝመታቸው ለመሪጌታ ክብር የተጨመረ፣ ጎንና ጎኑ በብር ቆቆች ያጌጠ ከባድ ጠመንጃ ተመረጠ፤ ሚናስ እንዳይከፋው የቆዳ ማኅደሩን እንዲመርጥ ተፈቀደለት። ፓንዴሊስ ጠመንጃውን በቀኝ ትከሻው ሲያነሣ ወደ ፊት ዘንበል አለ፤ ስታቲስ ከኋላ ቀበቶውን ይዞ አስተካከለው። ወይዘሮ ካሊዮፒ ግን ጌጥ የሌለውን ወደ ጓዳ እየመለሰች አወጀች፦ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ይቺን ላንተ አስቀምጫታለሁ።»

ፍልሰታም ተፈታ፤ የቅዳሜውም ልምምድ በአሮጌው አውድማ ላይ ሆነ። ሳህን ወጣ፣ ፓንዴሊስ ተኮሰ፣ ሳህን በደህና ወረደ። ሌላም ወጣ፣ ሌላም በደህና ወረደ። አርጊሮ ከሣሩ ላይ እየሰበሰበች ትደረድራቸው ጀመር፤ አንዱም ጠርዙ አልተነካም። ስታቲስ ወደ ላይ በል ብሎ አወጀ፣ ሚናስ ወደ ታች በል ብሎ አወጀ፤ ፓንዴሊስም ሁለቱንም ሰምቶ ደመናውን መታ። ትከሻው እንደ ደበርጃን ፍሬ ጠቆረ። ያን ጊዜ መሪጌታ በትካዜ ቀርበው አወጁ፦ «ፓንዴሊስ ወንድሜ፣ አትዘን። እግዜር ለአንዱ ጠመንጃ፣ ለአንዱ ጭልፋ ይሰጣል። ባቄላውን ብቻ ከዛሬ ዘፍዝፈው።»

ይህ ቃል ከሰደፉ ይልቅ አመመው። ሃያ ዓመት የጋጠው አንገት ሁሉ ጉሮሮው ላይ ቆመ። ጠመንጃውን ከፍቶ፣ ጥይቱን አውጥቶ፣ በአውድማው ዳር ባለ ጠረጴዛ ላይ በጥንቃቄ አስተኛው፤ ከዚያም ዞሮ፣ እናቱ በወግ ያሳደገችው ይህ ሰው፣ ሁለት መዳፉን ጎን ለጎን አድርጎ በመሪጌታ ፊት ላይ ዘረጋ። ውሻው እንኳ ጅራቱን ሰበሰበ።

ግን በመዳፎቹ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ነበረች፤ በቀዳዳዋም የመሪጌታ አፍንጫ ይታይ ነበር። ፓንዴሊስ ቀኝ ዓይኑን ጨፈነ፤ አፍንጫው ከቦታው አልተነቃነቀም። ግራውን ጨፈነ፤ አፍንጫው ጠፍቶ ከኋላቸው የቆመው የባሉጥ ዛፍ መጣ። እንደገና ሞከረ። ሠራዊቱ በስድብ ላይ ጥቅሻ የጨመረ መስሎት ተቆጣ፤ እሱ ግን እጁን ሳያወርድ በደስታ አወጀ፦ «የሚያዘኝ ግራው ነው! በቀኝ ትከሻዬ ደግኜ በግራ ዓይኔ ሳልም ነው የዋልኩት። መሪጌታ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አፍንጫዎ ባረከኝ።» ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ማለት ይህ ነው።

በዚያው ቀን፣ ወይዘሮ ካሊዮፒ ሱቋን ልትዘጋ ስትል ደረሰ፤ ሁለት መዳፉንም በታላቅ አክብሮት ፊቷ ላይ ዘረጋላት። እሷም «ግራ» ብላ ብቻ አወጀችና የብር ቆቆቹን ተቀብላ ቀላሏን ጠመንጃ ሰጠችው። በነጋታው እሑድ በግራ ትከሻው ሲደግን ሴቶች አማተቡ፤ ሳህን ግን መሰበር ጀመረ። አንዳንዱን ሳተ፣ አንዳንዱን በተነ፤ አምስተኛውም በመጨረሻው ጥይት ተሰበረ። ስታቲስ ያ ሳህን ድሮም የተሰነጠቀ ነው ብሎ አሁንም ይምላል፤ መሪጌታ ግን ቦታውን ሰጡት።

አደን በተከፈተ ቀን ፓንዴሊስ አንዲት ድርጭት ጣለ። ነገር ግን ጠመንጃ የሌለው ሰው ስላልነበረ ዕጣ ተጥሎ ድስቱ ለመሪጌታ ደረሰ። ባቄላው ከላይ ጥሬ፣ ከታች ከሰል ሆነ። ጀግኖቹ እንደ ምንም አኘኩ፤ ውሻው አሽትቶ ሄደ። በመጨረሻ ሊቀ አዳኞች ጭልፋውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተነሡ፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ፓንዴሊስዬ፣ ስለ ፈጠረህ።»

ዓቃቤ ድስትም ትንሽ አስለመናቸው፤ ከዚያ ተነሣ። ከእሱ በፊት በካሪያ ብዙ ተኳሾች ነበሩ፣ ብዙ ቀቃዮችም ነበሩ፤ በግራ ትከሻው ጠመንጃ አንግቶ በቀኝ እጁ ጭልፋ የጨበጠ ግን አልነበረም፣ ከእሱም በኋላ አልተነሣም። ስሙ በአውድማና በምድጃ ይመስገን። ራቱም ሲቀርብ የድርጭቷን ደረት ለራሱ አወጣ፣ አንገቷን በክብር ለመሪጌታ አቀረበ።