ስድስት አጣና

በእኛ አገር የሰው ገላ የግል ንብረት ሆኖ አያውቅም። ትርፍ ቤት በአዋጅ የተወረሰው በደርግ ነው፤ ገላችን ግን ከአዋጁ በፊትም የመንደሩ ነበር። እኔ ከደጄ ወጥቼ ሸምሱ ሱቅ እስክደርስ ሦስት ሰው ያየኛል። አንዷ «ተመቸሽ መሰል» ትለኛለች፤ ሌላዋ «ኧረ ምነው ጠወለግሽ» ትላለች፤ ሦስተኛው ምንም ሳይል ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ለክቶኝ ያልፋል። በዚያው ቀን፣ በዚያው ቀሚስ። መልሴን የሚጠብቅ ደግሞ የለም። ስለ ገላዬ እኔ ምን አውቃለሁ?

እኔን የሚገርመኝ፣ ትርፍ ቤት ሲወረስ ትርፍ ሥጋ እንዴት ለባለቤቱ እንደተተወ ነው። በበኩሌ ያለ ካሣ ለማስረከብ ዝግጁ ነበርኩ። በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ «የሰፊው ሕዝብ ደም መጣጮች» ባለ ቁጥር ዓይኑ ወገቤ ላይ ያርፋል። ስኳር በራሽን፣ ጤፍ በወረፋ በሆነበት ዘመን እንዲህ ሆኖ መገኘት እርግጥ ያስጠረጥራል። ግን እኔም የሰፊው ሕዝብ አባል ነበርኩ፤ እንዲያውም በየካ ከነበርነው አባላት ሁሉ ሰፊዋ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ያም ሆኖ ውፍረቴና እኔ በሰላም እንኖር ነበር፤ ስለት እስክሳል ድረስ።

ልጄ ዳንኤል ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሲወሰድ፣ ከሰፈራችን በላይ ባሕር ዛፉ መሀል ላለው ሚካኤል ተሳልኩ። ሰው ሲጨንቀው ቃል አይቆጥብም። «ልጄን ብትመልስልኝ የከፋይ ጥላ አገባለሁ» ብል በቂ ነበር። እኔ ግን ጨመርኩበት፤ በእግሬ፣ ብቻዬን፣ ያለ ምርኩዝ፣ ከታች እስከ ላይ። ማን ጠየቀኝ? ሚካኤል እንኳ ዳገቱን ስለሚያውቀው ይህን ያህል አይጠይቅም ነበር።

ዳንኤል ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ተመለሰ። የግራ እጁ ትንሿ ጣት እዚያው ቀርታለች። ስሳል ጣት ለይቼ ስላልጠራሁ ቅሬታ አላቀረብኩም። ነገር ግን የተሰናበተው ለጊዜው ነው፤ ከተፈለገ ተመልሶ ይጠራል። የቀበሌው መኪና ድምፅ ማጉያ ጭኖ በሰፈራችን ባለፈ ቁጥር ሆዴ ይርበደበዳል። የእኔ ሆድ ሲርበደበድ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ያልተከፈለ ስለት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ ማንን እንቅልፍ ይወስደዋል?

ስለዚህ አንድ ማለዳ ጥላዬን ታቅፌ ዳገቱን ጀመርኩ። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ እሱ ላይ ለአፍታ አረፍ አልኩ። ለመነሣት ስሞክር አድማ በተከለከለበት ዘመን ሁለቱም ጉልበቶቼ አደሙብኝ። ለመንኳቸው፣ ሰደብኳቸው፣ ወይ ፍንክች። ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም፤ ጥላዬን ዘርግቼ ከፀሐይ መከለሌን ግን አስታውሳለሁ። ሚካኤልን በገዛ ስለቱ ቀደምኩት ማለት ነው።

በመጨረሻ ከላይ አራት እንጨት ለቃሚዎች መጡ። የእያንዳንዳቸው ሸክም ከተሸካሚዋ ይበልጣል፤ ከሩቅ ሲታዩ ቅጠሉ ራሱ እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስላል። መሪያቸው ጫልቱ ትባላለች፤ ከሲታ ናት፣ ድምፅዋ ግን የቀበሌውን ድምፅ ማጉያ ያስንቃል። ሸክሟን አወረደችና የወደቀ ዛፍ እንደሚታይ ዞር ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ለጓደኞቿ ሁለት አጣና አይችላትም አለች። አንደኛዋ አራት ይበቃል ስትል ሌላዋ ተቃወመች። ክርክሩ ፊቴ ላይ ነበር የሚካሄደው፤ ድምፅ የመስጠት መብት ግን አልነበረኝም። በስድስት ተስማሙ። ሸክማቸውን ቁጥቋጦ ውስጥ ሸሸጉ፣ በትንሿ መጥረቢያ ስድስት ቀጥ ያሉ አጣናዎች ቆረጡ፣ በገመዳቸው አሰሩ፣ ቅጠል ጎዘጎዙና አጋደሙኝ። ጉዞ ወደ ታች።

የደኑ ዘበኛ ከታች ቆሟል። ያን ጊዜ የወደቀ ቅጠልና ጭራሮ መልቀም እንጂ ለምለም እንጨት መቁረጥ ክልክል ስለነበር፣ ሴቶቹ የእሱን ፊሽካ ሲሰሙ እንደ ቆቅ ይበተናሉ አሉ። ያን ቀን ግን ቀጥ ብለው ወደ እሱ ሄዱ። እሱም ቃሬዛውን አየ፤ በቃሬዛው ላይ ያለውን ተራራ አየ፤ ፊቴን የሸፈነውን የቤተ ክርስቲያን ጥላ አየ። ኮፍያውን አወለቀና «ነፍስ ይማር» አለ። ከጥላው ሥር ሆኜ «ገና ነኝ» አልኩት።

አስፋልቱ ዳር ሲደርሱ ቀስ አድርገው አስቀመጡኝ። ላመሰግን አፌን ስከፍት ጫልቱ ቀድማኝ እጄን ሳመችና «እግዜር ይስጥሽ እናቴ» አለች፤ ሦስቱም ተራ በተራ አመሰገኑኝ። ከዚያ ቃሬዛውን ፈትተው አጣናቸውን ተሸክመው እየሳቁ ሄዱ። ትሕትናቸው ልቤን ነካው። ከእንጨት የከበደ ሸክም ሆኜባቸው እነሱ እኔን ማመስገናቸው አሳፈረኝ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፣ ቀጥሎም እራቴን በላሁ።

«ታዲያ ለምን አትጾሚም ነበር?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጾም የሚያከሳ ቢሆን ኖሮ እኔ ግማሹን ዓመት የምጾም ሴት ነኝ። ያወፈረኝም እሱ ነው። የጾም ሽሮ በዘይት ሲንተከተክ አይተው ያውቃሉ?

መፍትሔው የመጣው ከሸምሱ ሱቅ ነው። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት ከወንድሜ ደብተር ላይ ተሸሽጌ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ጽሑፍ ያለበትን ነገር ሳላነብ ጥዬ አላውቅም፤ ሸምሱም ጨውና ምስር የሚጠቀልለው በአሮጌ መጽሔት ስለሆነ ዩኒቨርሲቲዬ እሱ ነው። አንድ ቀን ምስሬን ዘርግፌ መጠቅለያውን ስዘረጋ፣ በውጭ አገር ወፍራም ሰዎችን ጨጓራቸውን በቀዶ ጥገና አሳንሰው እንደሚሰፉላቸው የሚያትት ጽሑፍ አገኘሁ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ቀሚስ ሲሰፋ ይጠባል፤ ጨጓራ ምን ልዩነት አለው? እየተስገበገብኩ እስከ መጨረሻው መስመር አነበብኩ። መስመሩ «ከቀዶ ጥገናው በኋላ ግን» ይልና ወረቀቱ ተቀድዷል። ሸምሱ ጋ በሩጫ፣ ማለቴ በእኔ ሩጫ፣ ሄጄ ግማሹን ብጠይቀው ጨው ሸጬበታለሁ አለኝ። እኔም «ግን»ን ትቼ የተቀረውን አመንኩ።

አንድ ከውጭ ተምሮ የመጣ ሐኪም የጨጓራ ቁስለት ቀዶ ጥገና ያደርጋል ሲባል ሰምቼ ነበርና ወረቀቴን ይዤ ሄድኩ። ወጣት ነው። አንብቦ ሳቀ፤ በተማረበት አገር ሲሠራ አይቷል፣ እጁንም አስገብቶበታል፤ እዚህ ግን እንዲህ ብሎ የመጣ ሰው አላጋጠመውም። ሊመዝነኝ ሞከረ፤ የሚዛኑ መርፌ ዳር ደርሶ ቆመ። ከግምጃ ቤት የእህል ሚዛን አስመጥቶ ከለካኝ በኋላ መሳቁን ተወ። ቀጥሎ ሁሉንም ነገረኝ። ከማደንዘዣው ላልነቃ እችላለሁ፤ ስፌቱ ሊያመረቅዝ ይችላል፤ ከተረፍኩም ዕድሜ ልኬን እንደ ወፍ ነው የምበላው። በደንብ ያስቡበት አለኝ። እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ዳገት እወጣለሁ?»

«ከአልጋው ከተነሡ ይወጣሉ» አለኝ።

ባለቤቴ ታደሰ ፈርም ሲባል እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እሱ ያገባው ሙሉ ሴት እንደሆነ፣ ግማሿን የመቁረጥ ፈቃድ ለማንም እንደማይሰጥ ለሐኪሙ አስረዳ። ብቻችንን ስንሆን ስለ ስለቱ ነገርኩት፤ ዳንኤል ዳግመኛ ቢጠራ ምን ይውጠናል አልኩት። እኔ ብሞት ጥላውን እንዲያደርስልኝም አደራ አልኩት። «በታክሲ ነው የምወስደው፤ እኔ እንዳንቺ አላበድኩም» አለና ፈረመ።

ለጎረቤት የሐሞት ጠጠር ነው አልን። አገር በራብ በሚረግፍበት ዘመን «ከመጠን በላይ ስለበላሁ ጨጓራዬን ላሰፋ ነው» ብሎ የሚናገር አፍ ከየት ይመጣል? ስለ ቀዶ ጥገናው ብዙ የምለው የለኝም፤ ተኝቼ ነበር። ከማደንዘዣው በፊት የሰማሁት የመጨረሻ ነገር ነርሷ ሁለተኛ አልጋ ይቀጠል ወይ ስትል ነው። ስነቃ መጀመሪያ የጠየቅሁት ምሳ ደርሶ እንደሆነ ነው ይላሉ። ስም ማጥፋት ነው።

ያን የተቀደደ ዓረፍተ ነገር ቀሪውን ያነበብኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ፣ በሆዴ ነው። «ከቀዶ ጥገናው በኋላ ግን» ጎረቤት አለ። በእኛ ሰፈር የታመመ ሰው ይበላል፤ ሐኪም ምንም ቢል ይበላል። የሸምሱ ባለቤት ዘይነባ በየማለዳው ሾርባ በድስት፣ አጥሚት በጆግ ይዛ ትመጣለች። እኔ በአራተኛው ማንኪያ እስከ ጉሮሮዬ እሞላለሁ።

«ዘይነባ፣ ጠግቤያለሁ።»

«በምኑ?»

«በሾርባው ነዋ።»

«እትዬ ብርቄ፣ ይሄማ የድመት ነው። በሞቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።»

በሞቴ ለተባለ ማንኪያ አፍ ይከፈታል እንጂ ምን ይደረጋል? እከፍታለሁ፤ እሷ ስትወጣ ሁሉም ተመልሶ ይወጣል። የሐሞት ጠጠር የወጣለት ሰው እንዲህ እንደማይሆን እሷም ታውቃለች። ወር በገባ ቁጥር እኔ እጠባለሁ፣ የእሷ ድስት ይሰፋል። የተረፈውን ዳንኤል ይጨርስልኛል፤ እኔ የከሳሁትን ልጄ ወፈረው። የእድራችን ሴቶች ሊጠይቁኝ መጥተው አንደኛዋ ስለ ድንኳኑ ቀዳዳ ለሌላዋ ስታንሾካሹክ ሰማሁ። ወፍሬ ሳለሁ ያፈርኩበት ገላ፣ ሲከሳ ሰፈር የሚያለቅስበት ሆነ። ታደሰ ብቻ አያለቅስም፤ ቀሚሴን በመርፌ ቁልፍ ሲያጠብልኝ ግን ዓይኑን ያሸሻል።

በሰባተኛው ወር ጥላዬን ከቁም ሣጥን አወጣሁ። ብቻዬን፣ በእግሬ፣ ያለ ምርኩዝ። ያችን ድንጋይ ሳላያት እንዳለፍኩ አስመስዬ አለፍኳት። ሚካኤል ደጃፍ ስደርስ ጉልበቶቼ ይንቀጠቀጡ ነበር፣ ግን ቆመው ነበር። ጥላውን ለቄሱ አስረከብኩና ግድግዳውን ተደግፌ ሚካኤልን እንዲህ አልኩት፦ ቃሌን ፈጽሜያለሁ፤ የጣቷን ነገር አላነሣብህም፤ የቀሩትን ዘጠኙን ግን አደራ።

ስመለስ ያች ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አሁን ያስቀመጠኝ ጉልበት ሳይሆን ባዶ ሆድ ነው። ሐኪሙ እንዳዘዘኝ ቁራሽ ዳቦ እስኪልም ሳኝክ፣ ከቁጥቋጦው ጫልቱና ጓደኞቿ ብቅ አሉ። አላወቁኝም። «ወይኔ እናቴ፣ ምን አገኘሽ?» አለች ጫልቱ። ጤነኛ ነኝ አልኳት። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው አለችና፣ ሳልጨርስ መጥረቢያዋን አንሥታ አንድ አጣና ጣለች። ሁለተኛውን ስትጀምር ፊሽካ ጮኸ። ሦስቱ ተበተኑ። ጫልቱ መጥረቢያዋን እንደያዘች ዘበኛው ደረሰባት፤ ያው የዱሮው ዘበኛ ነው።

እየማለች፣ ይህች ሴት በጠና ታማለችና ቃሬዛ ልሠራላት ነው አለችው። ዘበኛው ወደ እኔ ዞረ። እውነት መሆኑን ጠየቀኝ፤ ውሸት ከሆነ መጥረቢያዋንም እሷንም ይዞ እንደሚሄድ ነገረኝ። ጫልቱ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ሰባት ወር ሙሉ የሐሞት ጠጠር ሳስታምም ለከረምኩ ሴት ይህ ምን ይከብዳል? ሆዴን ይዤ ቃተትኩ፤ ከድንጋዩ ተንሸራተትኩ። ዘበኛው ደነገጠ። ከዚያ ግን ጎንበስ ብሎ መጠነኝና «ለዚች ደግሞ ምን አጣና ያስፈልጋል? አዝለሽ አውርጃት። እንጨቱን እዚሁ ተዪው» አላት።

እንዲህ ሆኖ ነው ጫልቱ ጀርባ ላይ እንደ ሕፃን ታዝዬ የወረድኩት። ስለቴ የመውጣት እንጂ የመውረድ አልነበረም፤ በዚህ በኩል ንጹሕ ነኝ። ጫልቱ ግን እርምጃ በተራመደች ቁጥር በረጅሙ ትተነፍሳለች። ከብጄሽ ይሆን ብዬ ብጠይቃት፣ ቅጠል ነሽ አለች፤ የሚያስተነፍሳት ሐሳብ ነው።

«እዚያው ድንጋይ ላይ» አለችኝ፣ «አንድ ጊዜ አንዲት ሴት አግኝተን ነበር። ሴት ማለት እሷ! ስድስት አጣና ነው ያስቆረጠችን፣ እናቴ፤ ስድስት! ይሄው ዘበኛ ቆሞ እያየ ኮፍያ አውልቆ አሳለፈን። የዚያን ክረምት ቤቴን የደገፍኩት በእሷ ነው። ደግማ ትመጣለች ብለን ስንት ቀን ጠበቅናት። ቀረች።»

አንገቷን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። አስፋልቱ ዳር ስትደርስ ቀስ አድርጋ አወረደችኝ፤ ነጠላዬን አስተካከለችልኝ፤ የተረፈውን ቁራሽ ዳቦዬን እጄ ላይ መልሳ አስጨበጠችኝ። ከዚያ ሁለት እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ ከልቧ መረቀችኝ።

«እግዜር እንደሷ ያድርግሽ።»

ምርቃት በዝምታ አይታለፍምና አሜን አልኩ። ድምፄን ግን ዝቅ አድርጌ ነው፤ ሚካኤል ቅርብ ነው፣ ይሰማል።